ከመሐል ወንዝ እልፍኝ እስከ ፒያሳ ቆጥ

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የእንግሊዝን መልእክተኛ በእልፍኛቸው በተቀበሉበት ዕለት፣ ከምድጃው አጠገብ ድመቶች ተጋድመው እሳት ይሞቁ ነበር። ይህን የጻፈልን ራሱ መልእክተኛው፣ ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ነው። ወቅቱ የ1833 ዓ.ም. ክረምት፣ ቦታው አንኮበር አካባቢ፣ መሐል ወንዝ የሚባለው የንጉሡ መኖሪያ ነው። ሐሪስ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ፣ የይፋትን ዳገት ወጥቶ ነው እዚህ የደረሰው። ከዚህ ጉዞ በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ የቀረልን በኅዳር 1834 ዓ.ም. የተፈረመው የወዳጅነትና የንግድ ውል ነው። እኔን ግን ከውሉ ይልቅ ድመቶቹ ይስቡኛል። ምድጃ ሥር የተኛ ድመት አይቶ የሚጽፍ ሰው፣ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ በደንብ አይቷል ማለት ነውና።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ እርሱ ያየውን አብረን እንይ። እልፍኙ ክብ ነው። ከግድግዳው ላይ በብር ያጌጡ ጋሻዎችና ጠመንጃዎች ተሰቅለዋል። ወለሉ ላይ መጠኑም፣ ቀለሙም፣ ጥለቱም አንዱ ካንዱ የማይመሳሰል የፋርስ ስጋጃ ተነጥፏል። ግራና ቀኝ ወደ ግድግዳው የገቡ ሁለት ሰፋፊ ቦታዎች አሉ። በአንደኛው እንጨት ይነዳል፤ ድመቶቹ ያሉት እዚያ ነው። በሌላው፣ አበባ ያለበት የሳቲን ጨርቅ በለበሰ መቀመጫ ላይ፣ በከፋይ ትራስ ተደግፈው ንጉሡ ዘንበል ብለዋል። ጋሻው የአገር ቤት፣ ስጋጃው የፋርስ፣ ጠመንጃው የባሕር ማዶ፣ ማገዶው የአንኮበር ነው።

ይህ ሁሉ እንግዳው ስጦታውን ሳይፈታ በፊት የነበረ መሆኑን ልብ ይሏል። ስጦታው ሲፈታ ደግሞ የብራስልስ ምንጣፍ መጣ፤ የካሽሚር ሻል መጣ፤ ጥልፍ ያለበት የዴልሂ ጨርቅ መጣ፤ ጠምዝዘው ሲለቋቸው የሚጨፍሩ የቻይና አሻንጉሊቶችና እየዘፈኑ የሚቆጥሩ ሰዓቶች መጡ። መድፉንና ነፍጡን ለጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ልተወውና፣ አንድ የሸዋ እልፍኝ በአንድ ቀን ብራስልስን፣ ካሽሚርን፣ ዴልሂንና ቻይናን አስገብቶ ሳይፈርስ አደረ። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የመጣው ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም እጁን ይዞ አልመጣም፤ ካመጣቸው ነገሮች አንዱ የባሩድ ወፍጮ ነበር። ዛሬ የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያዎች «ኢክሌክቲክ» የሚሉት፣ ከየአገሩና ከየዘመኑ የተሰበሰበ ዕቃ በአንድ ክፍል ውስጥ ተስማምቶ የሚኖርበት አሠራር አለ። በአማርኛ «ዝንቅ ቤት» ብንለው የሚያስኬድ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን እንደ አዲስ ግኝት ሲያስተዋውቁ ስሰማ፣ ይፋት ከጀመረችው ቢያንስ መቶ ሰማንያ ዓመት አልፏታል እላለሁ።

የሐሪስ ሰዎች በስጦታው ብቻ አልበቃቸውም። በቆይታቸው ለንጉሡ አንኮበር ላይ በጎቲክ አሠራር አንድ አዳራሽ ሠሩላቸው። በአውሮፓ ልማድ ወንበሩንም፣ ጠረጴዛውንም፣ የግድግዳውን ሥዕልም አሟልተው፣ ምንም የጎደለ ነገር እንዳይኖር አድርገው አስረከቡ። ንጉሡም አዩት፤ ወደዱት፤ ከዚያም ለነፍስ አባታቸው ይህንን እንኳ የጸሎት ቤት አደርገዋለሁ አሏቸው። አንዳንዶች ይህን ከሃይማኖተኝነታቸው ይቆጥሩታል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሌላ ነገር አነብበታለሁ። የመሐል ወንዙ እልፍኝ የራሳቸው ሥርዓት ያለው ክፍል ነው፤ የመጣው ስጦታ ገብቶ ቦታ ይሰጠዋል፣ ይሰቀላል ወይም ይነጠፋል። የጎቲኩ አዳራሽ ግን ያለቀለት ነው፤ አንድ ጋሻ ቢጨመርበት ይበላሻል። ያለቀለት ክፍል ውስጥ ባለቤቱም እንግዳ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ለእግዚአብሔር ሰጥቶ ወደ ድመቶቹ መመለስ ብልኅነት ነው።

ለመሆኑ የፋርሱ ስጋጃ ከሐሪስ በፊት ማን አመጣው? መልሱ ከአንኮበር ገደል ሥር ነው። ከአምባው ላይ ቁልቁል ሲያዩ አልዩ አምባ ትታያለች። በዚያ ዘመን ዓርብ ዓርብ የሚቆመው ገበያዋ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ቅፍለት የሚራገፍበት ነበር። አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ ይገባል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወጣል። የአርጎባ ነጋዴዎችና ሸማኔዎች የከተማይቱ አስኳል ሲሆኑ፣ ከሐረር የመጡ ነጋዴዎችም ቤት ሠርተው ይኖሩባት ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በ1830ዎቹ አጋማሽ መጥቶ፣ ወባ እያንቀጠቀጠችው፣ ወራት የተቀመጠው በዚህችው ከተማ ውስጥ ባለ ጎጆ ነው። ነገሩን አሳምሬ ብቻ እንዳላልፈው፣ በዚያው አቅራቢያ አብዱል ረሱል በሚባለው ቦታ ሰው ይሸጥ ነበር። ስጋጃውን ያመጣው ቅፍለት ሲመለስ ባሪያ ይዞ ይመለሳል። የንጉሡን እልፍኝ ይጠርግ፣ ምድጃውን ያነድ የነበረውም ብዙው እጅ የባሪያ እጅ ነው።

ከአልዩ አምባ ወደ ሰሜን ቆላ ቆላውን የያዘ መንገደኛ ቀወት ይደርሳል። የእኔም አገር ይኸው ነው። ሽንኩርትና ማሾ የሚመረትባት፣ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሸዋ ሮቢት የወረዳው ከተማ ናት። ብዙ ሰው በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነው የሚያውቃት፤ ውኃ ገዝቶ ያልፋል። ነገር ግን በዚህ ቆላ ውስጥ ከአንኮበርም የሚቀድም የቤት ታሪክ አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ወላስማዎች የይፋትን ሱልጣኔት አቋቋሙ። በሚቀጥለው መቶ ዓመት ግብፅ ተቀምጦ የጻፈው አል ዑመሪ፣ የዚህን አካባቢ ሰዎች ቤት ከድንጋይ፣ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ነው ይላል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፈረንሳይ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች አስበሪን፣ መሳልን፣ ራሳ ጉባንና ኖራን እየዞሩ አጥንተዋል። የድንጋይ መስጊድ፣ መቃብርና የመኖሪያ ቤት ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል።

ግድግዳው ይታያል፤ ምንጣፉ ግን የለም። ይህ ለአርኪዮሎጂ ሰዎች የተለመደ ነው። ሰሌን ይበሰብሳል፣ እንጨት ይቃጠላል፣ ጨርቅን ምስጥ ይበላዋል። አንድ ቤት ሲሞት አስቀድሞ የሚሞተው ውስጡ ነው፤ ድንጋዩ ሰባት መቶ ዓመት ቆሞ ሊቆይ ይችላል። የአስበሪ ሰው ምን ላይ ይተኛ እንደነበር፣ መብራቱን የት እንደሚያስቀምጥ፣ እንግዳ ሲመጣ ማን ተነሥቶ ለማን እንደሚለቅ ከግድግዳው ላይ አይነበብም።

የቀረልን ሌላ ማስረጃ ቃላችን ነው። የአንድን ተራ ቤት ዕቃ እንጥራ። ስጋጃ ዐረብኛ ነው፤ መነሻው መስገጃ ምንጣፍ ነው። መከዳም ከዐረብኛ ነው። ፋኖስ በዐረብኛ በኩል የመጣ የግሪክ ቃል ነው። ጠረጴዛም ግሪክ ነው። ቡፌ ከፈረንሳይ፣ ኮመዲኖ ከጣልያን ነው። ወንበር የግዕዙ መንበር ሲሆን፣ መሶብና መደብ የራሳችን ናቸው። ከሁሉ የሚገርመኝ ሶፋ ነው። ከጣልያኖች የወሰድነው ይመስለናል፤ እውነትም ነው፤ ጣልያኖቹ ግን ያገኙት «ሱፋ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። ሱፋ ማለት ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ምንጣፍ የሚነጠፍበት መቀመጫ ነው። በአማርኛ ሲሆን መደብ ማለት አይደል? መደቡን አፍርሰን ሶፋ ስንገዛ፣ የገዛነው በሩቅ አገር ዞሮ፣ እግር አብቅሎና ስፖንጅ ለብሶ የተመለሰውን መደብ ነው።

ሸዋ ሮቢት ያለችው አክስቴ ቤት ይህ ሁሉ በአንድ ክፍል ይገኝ ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ርዝመት የጭቃ መደብ አለ። መደቡ ላይ የአፋር ሴቶች የሚሠሩት ሰሌን፣ በሰሌኑ ላይ ለእንግዳ ጊዜ የሚነጠፍ ቀይ ስጋጃ። ሰሌኑ የሚገዛው እሑድ እሑድ ከሚቆመው የሰንበቴ ገበያ ነው፤ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት ገበያ ማለት ነው። ከግድግዳው ላይ ስፌቱና የአበባ ሥዕል ያለበት የቆርቆሮ ሳህን በመደዳ ተሰቅሏል። የጠፍር አልጋው ሙቀት ሲበረታ ማታ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ቀን ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ኮመዲኖው ላይ ሬዲዮ አለ፤ ሬዲዮው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ ፋኖስ። በክፍሉ መካከል ግን ምንም የለም። መካከሉ የጀበናውና የሰው ነው።

ከሐረር የመጣ ሰው ይህን ክፍል ቢያይ ዘመዱን ያየ ይመስለዋል። በሐረር የጁገል ቤት ዋናው ክፍል ከፍታቸው የተለያየ መደቦች አሉት፤ በየትኛው ላይ ማን እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ግድግዳው ውስጥ የተቀረጹ መስኮት መሰል ጉድጓዶች ዕቃ ይይዛሉ፤ ከላይ እስከ ታች የሐረር ስፌትና ከሩቅ አገር የመጣ ሳህን ይደረደራል። ወለሉ ባዶ፣ ግድግዳው ሙሉ ነው። ሐረር በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ፣ በ1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከተጠቀሱላት ነገሮች አንዱ ይኸው የቤቶቿ ውስጣዊ አሠራር ነው። አልዩ አምባ የሰፈሩት የሐረር ነጋዴዎች ይህን ለይፋት አስተማሩ ወይስ ከይፋት ወሰዱ ብሎ መከራከር ብዙ አይጠቅምም። መንገዱ አንድ ነው፤ ግመሉ በሁለቱም በኩል ይሄዳል።

በኋላ መንገዱ ተቀየረ። ምኒልክ አንኮበርን ለቀው እንጦጦ ወጡ፤ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ያዙ፤ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የአልዩ አምባ ግመል ከዚያ ወዲያ ምን ሥራ አለው? ዕቃው አዲስ አበባ መራገፍ ጀመረ፤ የብረት አልጋ፣ መስተዋት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ አቡጀዲ በጥቅል በጥቅል ገባ። ይፋት ደግሞ ተራዋን እስክታገኝ ጣልያንን መጠበቅ ነበረባት። ጣልያኖች ጣርማ በርን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጋራ፣ በስተው የደሴን መንገድ ሲያወጡ፣ ቆላው እንደገና መንገድ ዳር ሆነ። ያ ዋሻ እስከ ዛሬ ያገለግላል። የአክስቴ ኮመዲኖ ስሙም አካሉም በዚያ ዋሻ ያለፈ ነው።

አሁን አዲስ አበባ ልግባ። እኔ የምኖረው ፒያሳ አካባቢ፣ የአንድ አሮጌ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የከተማዋን የጥንት ቤቶች የሚያውቅ ሰው እነርሱም ከውጭ ጀምረው ዝንቅ መሆናቸውን ያውቃል። የሕንድ አናጢ የቀረጸው በረንዳ፣ የአርመን ባለሙያ ያወጣው ሰገነት፣ የአገር ቤት ድንጋይና ጭቃ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ቆርቆሮ። ቤቱ ሲሠራ የአንድ ቤተሰብ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ እንዲህ ያሉ ቤቶች በቀበሌ ወይም በኪራይ ቤቶች እጅ ገቡ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ። ቤት ያልነበረው ብዙ ሰው መጠለያ አገኘ፤ ይህ መካድ የለበትም። ኪራዩ ግን ጣሪያ ለማደስ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ሳሎኑ ለሦስት አባወራ ተከፈለ፤ በረንዳው ማድ ቤት ሆነ። የእኔን ክፍል ከጎረቤቴ የሚለየው የቺፑድ ግድግዳ መስኮቱን ለሁለት ቆርጦታል፤ ግማሹ መስኮት የእኔ፣ ግማሹ የእርሳቸው ነው።

ክፍሉ አራት በአራት ነው፤ ጣሪያው ግን አራት ሜትር ይጠጋል። ብዙው ሰው እንዲህ ያለውን ክፍል ሲይዝ መጀመሪያ የሚያደርገው «ሙሉ ዕቃ» መግዛት ነው። ሦስት ሁለት አንድ የሚባለው ሶፋ፣ የሶፋ ጠረጴዛ፣ ግድግዳ የሚያክል ቡፌ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ በጎኑ እየሄደ ይኖራል። ይህ የአንኮበሩ የጎቲክ አዳራሽ ነው፤ ልዩነቱ በብድር የተገዛ መሆኑ ብቻ። በሌላው ጽንፍ የሆቴሎቻችን «ባህላዊ» ክፍል አለ። አገልግል ተሰቅሏል፤ ምግብ ግን ተይዞበት አያውቅም። ጀበና ተደርድሯል፤ አንዱም እሳት አላየ። እኔ ሁለቱንም አልወድም።

ከአክስቴ ቤት የተማርኩትን ወደ ፒያሳ ላምጣው ብዬ ተነሣሁ። አንድ አናጢ ጠርቼ ከወለሉ ሁለት ሜትር ከዐሥር ላይ ቆጥ አሠራሁ፤ አልጋዬ ወደ ላይ ወጣ። ቆጥ በአዲስ አበባ የቀበሌ ቤቶች የቆየ ዘዴ ነው፤ ሰዎች የሚያፍሩበት የድህነት ምልክት ስለሚመስላቸው ነው። ከፍ ያለ ጣሪያ ላለው አሮጌ ቤት ግን ከቆጥ የተሻለ መፍትሔ የትኛውም መጽሔት ላይ አላየሁም። ከቆጡ ሥር፣ በግድግዳው ርዝመት፣ ክዳን ያለው የእንጨት መደብ አለ፤ ውስጡ ልብስና መጽሐፍ፣ ላዩ ሰሌንና ስጋጃ። የጭቃ ግድግዳ ምስማር አይችልም፤ ዛሬ ይመቱታል፣ ነገ ከነአፈሩ ይወርዳል። ስለዚህ ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን ወራጅ እንጨት አስደርጌ ሁሉንም ነገር ከእርሱ ላይ በገመድ ሰቀልኩ። አናጢው ግድግዳውን በሲሚንቶ እንለስነው ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ሲሚንቶ የጭቃን እርጥበት አፍኖ ይይዛል፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ግድግዳው ከውስጥ ይበሰብሳል። ጭቃና ጭድ ለጥፈን ኖራ ቀባነው።

ዕቃውን ለማስማማት የተጠቀምኩት ደንብ አንድ ነው፤ ከየት እንደመጣና በማን እጅ እንደመጣ የማልነግርበት ነገር አይገባም። የሰንበቴ ሰሌን አለ፤ ከመርካቶ የገዛሁት ስጋጃ አለ፤ ከሐረር የመጣ ስፌት አለ፤ ሰፈሩን ለቆ ከሄደ ሰው የገዛሁት፣ አንድ እግሩ የተቀየረ ኮመዲኖ አለ። ቀለማቸው አይገጥምም። የመሐል ወንዙም ስጋጃ አይገጥምም ነበር። የሚያስማማቸው መካከሉ ባዶ መሆኑ ነው። ዓይን የሚያርፍበት፣ ሰው የሚያልፍበት፣ ረከቦት የሚቀመጥበት ባዶ ቦታ እስካለ ድረስ ግድግዳው የፈለገውን ያህል ቢለፈልፍ ችግር የለም።

ከቺፑዱ ማዶ ያሉት ጎረቤቴ የቀወት ሰው ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ይላቸዋል። ክፍላቸው ከእኔ ትጠባለች፤ እንግዳቸው ግን ከእኔ ይበዛል። አንድ ቀን ልጆቻቸው ሶፋ ሊገዙላቸው ፈልገው እምቢ እንዳሉ ሰምቼ ምክንያታቸውን ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ሶፋ ሰው ይቆጥራል» አሉኝ። «ሦስት ከሞላ አራተኛው ቆሞ ይቀራል። መደብ አይቆጥርም፤ ጠጋ ጠጋ በሉ ነው።»

እዚህ ላይ ለንጽጽር አንድ የለንደን ቤት ላንሣ። ሰር ጆን ሶን የተባለው አርክቴክት ጠባብ ክፍሎቹን በግሪክና በሮም የድንጋይ ቅርጽ፣ በግብፅ ፈርዖን የሬሳ ሣጥን፣ በሥዕልና በመስተዋት ሞላቸው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1833 በፓርላማ ሕግ አስወጣ፤ ከሞተ በኋላ ቤቱ እርሱ በተወው አኳኋን ይቆይ ዘንድ። በ1837 ሞተ፤ ቤቱ ዛሬም ሙዚየም ነው። ሐሪስ የሣህለ ሥላሴን እልፍኝ ያየው ከዚህ በኋላ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። ሁለት ዝንቅ ክፍሎች፣ በአንድ ዘመን። አንዱን ሕግ ጠበቀው። ሁለተኛውን ያገኘነው አንድ እንግዳ ድመቶቹን ሳይቀር ልብ ብሎ ስለጻፈው ነው። ንጉሡ በ1840 ዓ.ም. አረፉ፤ በኋላ አንኮበር አምባ ላይ በቀድሞው ቤተ መንግሥት አምሳል ሎጅ ተሠርቶ ነበር።

እኛም ሕግ የለንም አልልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በ1992 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የማይንቀሳቀስ ቅርስ አለ፣ የሚንቀሳቀስ ቅርስ አለ። ቤቱ አንድ መዝገብ፣ ዕቃው ሌላ መዝገብ። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ማለትም ሰሌኑ ከስጋጃው ሥር፣ ስፌቱ ከሳህኑ ጎን፣ መካከሉ ባዶ የሚሆንበት ሥርዓት በየትኛው መዝገብ ይገባል? አይንቀሳቀስም እንዳይባል ዕቃው ይነሣል፤ ይንቀሳቀሳል እንዳይባል ከክፍሉ ሲወጣ ይጠፋል። በጥር 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ከተማው ሁሉ የደነገጠው ለሕንፃው ነው፤ ተገቢም ነው። ጃዝአምባ ይባል የነበረው የሙዚቃ አዳራሽ ግን ከነድባቡ በዚያው ቀረ። በይፋትም በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ በመደዳ ተሰቅሎ የነበረውን ማን ይቆጥረዋል? የአክስቴ መደብ ከዚያ ወዲህ የለም። እርሷ ደኅና ናት፤ ዛሬ የምትቀመጠው በፕላስቲክ ወንበር ነው።

በ2016 ዓ.ም. ተራው የፒያሳ ሆነ። ለኮሪደር ልማቱ ደጃች ውቤ ሰፈርና ዶሮ ማነቂያ ፈረሱ። መንገዱ ሰፋ፤ የእግረኛ መንገድ ተነጠፈ፤ መብራት በራ። ከፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ መጸዳጃ እንኳ ለዐሥር ቤተሰብ አንድ የነበራቸው ናቸውና፣ በዚያ ያልኖረ ሰው ለትዝታው ሲል ብቻ ቢያለቅስላቸው አያምርበትም። አንዳንድ የጥንት ቤቶች በቅርስነታቸው ተትተዋል። የተተወ ቤት ግን ግድግዳው ነው። ውስጡ የነበረው ሰው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሄዷል።

እኔ ያለሁበት ቤት እስካሁን ቆሟል። እማማ ግን ዕጣ ለወጣላቸው ልጅ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ አብረው ሄዱ። ዕቃ ስናወርድ አብሬ ነበርኩ። ቁም ሣጥኑ በደረጃው አልታጠፍም አለ፤ እዚያው ደጅ ላይ ተሸጠ። የጭቃው መደብ መቼም አይነሣም። ስቱዲዮው ንጹሕ ነው፤ ውኃ አለው፤ መጸዳጃው የራሳቸው ነው፤ ሲገቡ ቧንቧውን ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉት። የጣሪያው ዝቅታ ግን ለቆጥ አይሆንም፤ ግድግዳውም ለወራጅ እንጨት አይመችም። ስፌቶቹን ለመስቀል መብሻ መከራየት ነበረብን፤ ብሎኬቱ ተፈረካክሶ ሁለቱ ቀዳዳዎች ሰፉ።

ልጃቸው ሶፋ እንደሚያመጣ ነገራቸው። እርሳቸው ዝም ብለው ፍራሹን ከመስኮቱ ሥር ባለው ግድግዳ ርዝመት አጠፉት፤ ከሥሩ የዕቃ መጫኛውን ጣውላ አስገቡ፤ በላዩ ሰሌኑን፣ ከሰሌኑ ላይ ስጋጃውን ዘረጉ። ቁመቱን በመዳፋቸው ለኩና አንድ ጣውላ አስጨመሩ። ቀጥሎም አራታችንንም፣ ጫኙን ልጅ ሳይቀር፣ ጠጋ ጠጋ በሉ ብለው አስቀመጡንና ጀበናው የታሸገበትን ካርቶን መፍታት ጀመሩ።